የዘገየ ድምፅ

ዕቃው ከእናቴ ሣጥን ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ዓመታት ኖረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምንነቱ ይጠየቃል፤ የእናቴ መልስም አይለወጥም፦ «የልጄ ነው፤ አደራ ነው።» ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አልነበራትም። እኔም ብሆን የማውቀው ከእርሷ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ታናሽ ወንድሜ በ2013 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ሊሄድ ሲል፣ በመጨረሻዋ ሌሊት፣ ልብሱን በሻንጣ ከትቶ ሲያበቃ ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ከቸገረህ ስልኬን ሽጠው፤ ይኸን ግን አትሽጠው» አለኝ። እሺ አልኩት። ምን እንደሆነ በቅጡ ሳልጠይቅ እሺ አልኩት። የሚሄድ ሰው የሚለውን ሁሉ እሺ ይሉታል እንጂ ምን ይሉታል?

ዕቃው ዲጄዎች ኮንትሮለር የሚሉት ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ጥቁር ሠሌዳ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክብ መዘውሮች፣ በመካከላቸው ተንሸራታች እጀታዎች፣ ዙሪያውን ትንንሽ ቁልፎች አሉት። በራሱ ዘፈን የለውም፤ ዘፈኑ ያለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ይህ ዕቃ ለኮምፒውተሩ እጅ ነው። መዘውሩን ሲገፉት ዘፈኑ ይገፋል፤ እጀታውን ሲስቡት አንዱ ዘፈን እየደበዘዘ ሌላው ይደምቃል። ከጀርባው ደግሞ ድምፁን ወደ ሞንታርቦውና ወደ ጆሮ ማዳመጫው የሚያወጣ ሳውንድ ካርድ አለው። እንግዲህ እጅም ጉሮሮም ነው ማለት ነው። ወንድሜ ከአንድ የደብረ ማርቆስ ዲጄ አገልግሎ የቆየ ገዝቶ፣ ከአምበር እስከ ደምበጫ በየሰርጉ ቤት ይዞት ዞሯል። የተሠራው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ይህ ሽምግልና ነው።

ባለፈው ጥር እኅታችን ተዳረች። ወንድሜ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከወጣ ተመልሶ የሚገባበት ወረቀት የለውም። ሆኖም ከሰርጉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደወለልኝ። «ልጅ ሳለች ‹ሰርግሽን የማጫውተው እኔ ነኝ› ብያት ነበር። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል በፍላሹ ላይ አለ። አንተ በእኔ ዕቃ አጫውትልኝ።» እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። በሕይወቴ ያጫወትኩት ነገር ቢኖር ተማሪ ነው፤ እርሱንም በሚገባ አላጫወትኩም። ግን አሁንም እሺ አልኩት።

*

ነጠላው ተፈታ። ዕቃው በላፕቶፑ ላይ ተሰካ። መብራቶቹ ብልጭ ብለው ጠፉ።

የወንድሜ የድሮ ላፕቶፕ ከሞተ ቆይቷል። የአሁኑ፣ እርሱ በላከው ገንዘብ የተገዛው፣ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ነው። ዕቃው አብሮት የመጣ ሲዲ ነበረው፤ አዲሱ ላፕቶፕ ግን የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ሲዲውን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ በፍላሽ ገለበጡልኝ። ስከፍተው ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሞ እንቢ አለ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ድራይቨር የሚባለው በኮምፒውተሩና በዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። በሲዲው ላይ የነበረው አስተርጓሚ የተጻፈው ለ32 ቢት ዊንዶውስ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ64 ቢት ብቻ የሚሠራ ነው። የ64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ድራይቨር ከቶ አይጭንም። ሠሪዎቹም ለዚህ ዕቃ አዲስ አስተርጓሚ መጻፍ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ዕቃው አልተሰበረም፤ ትተውት ሄዱ እንጂ።

ያን ሌሊት ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ አደርኩ። «ሞቷል» ልበለው?

ግን አልሞተም ነበር። በማግስቱ በኮምፒውተሩ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ስመለከት፣ ሳውንድ ካርዱ በቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተለይቶ ተኝቷል፤ ከእርሱ በታች ግን ሌላ ስም ያለ ምንም ምልክት ተቀምጧል። የቁልፎቹና የመዘውሮቹ ክፍል ነበር። ጉሮሮው ተዘግቷል፤ እጁ ግን ሕያው ነው።

ምክንያቱን ኋላ ተማርኩ። እጅየው የሚናገረው ሚዲ የተባለውን ቋንቋ ነው። ሚዲ የአንድ ድርጅት የግል ቋንቋ አይደለም። ዴቭ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊና ኢኩታሮ ካኬሃሺ የተባለ ጃፓናዊ፣ የሁለት ተፎካካሪ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያዎች መሥራቾች፣ መሣሪያዎቻችን እርስ በርስ ይነጋገሩ ብለው ከባልደረቦቻቸው ጋር የተስማሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1983፣ በእኛ በ1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርዒት ላይ የአንደኛው ኩባንያ ኪቦርድ የሌላውን ኪቦርድ አስጮኸ። ይህ ቋንቋ በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የጋራ ደንብ ወጣለት። ደንቡን ለሚያከብር ዕቃ የተለየ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩ ቋንቋውን ከነባሩ ያውቀዋል። የወንድሜ ዕቃ በግል ቋንቋው የተናገረው ከሠሪው ጋር ተረሳ፤ በጋራው ቋንቋ የተናገረው ቀረ።

*

የጋራው ቋንቋ ግን የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ «ቁጥር 11፣ 127» ይላል፤ ሲለቁት «ቁጥር 11፣ 0»። እጀታውን ከታች ወደ ላይ ሲገፉት ከ0 ተነሥቶ እስከ 127 ይቆጥራል። ቁልፉ ራሱ «አጫውት» ወይም «አቁም» አይልም። ቁጥር 11 «አጫውት» ማለት ነው ብሎ ፍቺውን የሚሰጠው ሌላ ነው።

ለዚህ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም ሚክስ ይባላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ሦስት ኤክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአንድ የዶክትሬት ጥናት ሲባል የተጀመረ፣ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢንተርኔት ሲመጣና ሲሄድ ለኖረ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ በፍላሽ አመጣልኝ። ሚክስ የየዕቃውን ቁጥር ፍቺ በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊያርመው፣ ሊጨምርበት ይችላል።

እናም ማታ ማታ፣ ከመደቡ ላይ ተቀምጬ፣ አንዱን ቁልፍ እየተጫንኩ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እያነበብኩ በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ ስድስት…

አባቴ ከእሳቱ ዳር ሆኖ ብዙ ሌሊት ዝም ብሎ አዳመጠኝ። በአንዱ ሌሊት ግን «ምን ትቆጥራለህ?» አለኝ።

«ቁጥር ነው አባዬ።»

«እኔስ ቅኔ የምትቆጥር መስሎኝ።»

አባቴ በወጣትነቱ እዚሁ ደብረ ኤልያስ ከቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ደብራችን ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ያለች፣ ከሌላ ነገር ሁሉ ይልቅ በቅኔ ቤቷ የምትታወቅ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። አባቴ አልዘለቀበትም፤ አያቴ ሲሞቱ በሬዎቹ ጠሩት። ግን ቃላቱ አብረውት ኖሩ። በቅኔ ቤት ቅኔ ማሰናዳት «ቅኔ መቁጠር» ይባላል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማል። ከሩቅ ላየው ያበደ ይመስላል። እኔም ያን ሌሊት እንደዚያ ሳልመስል አልቀረሁም።

ነገሩን አስረዳሁት። ዕቃው ቁጥር ይናገራል፤ ሠሪዎቹ ፍቺ ሰጥተውት ነበር፤ አሁን ትተውታል።

ጥቂት አሰበ። «ቃሉን ግን አልወሰዱትም?»

«አልወሰዱትም።»

«እንግዲያው አንተ ፍታዋ» አለና ፊቱን ወደ እሳቱ መለሰ። ከዘፈኑ እንዳልተባበረ እንዳውቅለት ያህል ነው መሰለኝ፣ ቀጥሎ አማተበ።

*

ቁልፎቹን በሦስት ሌሊት ፈታኋቸው። መዘውሮቹ ግን አስቸገሩኝ። መዘውሩን ወደ ፊት በጥቂቱ ስገፋው ዘፈኑ በጥቂቱ ይሄዳል። ወደ ኋላ ግን በጣቴ ጫፍ ብቻ ስነካው ዘፈኑ እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ፊት ይፈተለካል። ቁጥሩን አየሁት። ወደ ፊት ሲሄድ «1» ይላል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ «127»። በዓይኔ ፊት የቆመው ስሕተት መሰለኝና ዕቃው በእርጅና የተበላሸ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የተበላሸው የእኔ ንባብ ነበር። ሚዲ ከዜሮ በታች ቁጥር የለውም። ከ0 እስከ 127 ያሉት 128 ቁጥሮች እንደ ዓመት ክብ ናቸው። ከመስከረም 1 አንድ ቀን ወደ ኋላ ቢመለሱ የሚደርሱት ከዜሮ አይደለም፤ ከጳጉሜን መጨረሻ ነው። እንዲሁም ከ0 አንድ እርምጃ ወደ ኋላ 127 ነው። መዘውሩ «አንድ ወደ ኋላ» ሲል እኔ «መቶ ሃያ ሰባት ወደ ፊት» ብዬ እፈታው ነበር። በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ቁጥሩ ከ64 ከበለጠ 128 ቀንስለት። መዘውሩ ወዲያው ተገራ። ያን ጊዜ ነው፣ በቀኝ መዘውር ጠርዝ ላይ ላስቲኩ የተበላ ቦታ መኖሩን ጣቴ ያገኘችው። የወንድሜ ጣት ሁልጊዜ የምታርፍበት ቦታ ነበር።

የጉሮሮው ነገር ቀረ። የዕቃው ሳውንድ ካርድ ለዚህ ላፕቶፕ ስለማይገኝ፣ ከደብረ ማርቆስ የአውራ ጣት የምታህል የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ገዛሁ። ለእንግዶቹ የሚሰማውን ከላፕቶፑ መሰኪያ ወደ ሞንታርቦው፣ ለእኔ ብቻ የሚሰማውን በትንሿ ካርድ ወደ ጆሮ ማዳመጫዬ አወጣሁ። አጫዋች ቀጣዩን ዘፈን ከሕዝቡ አስቀድሞ መስማት አለበት፤ አለዚያ በጨለማ እንደሚዘራ ገበሬ ነው። ሁለት ሳውንድ ካርዶች ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ስላላቸው ቀስ በቀስ ይራራቃሉ፤ ሚክስ ግን ሁለቱን የሚያስማማ ምርጫ አለው።

ከዚያ በኋላ ከመዘግየት ጋር ታገልኩ። ኮምፒውተሩ ድምፅን ጠብታ በጠብታ አያወጣም፤ በእንስራ እየቀዳ ነው። እንስራው 1,024 የድምፅ ናሙና ሲይዝ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚፈስበት መጠን፣ ለመሙላት 23 ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። እጄ ከነካች በኋላ ድምፁ ያን ያህል ይዘገያል። እንስራውን ወደ 256 ሳሳንሰው መዘግየቱ ወደ 6 ሺኛ ወረደ፤ ግን ላፕቶፑ ቶሎ ቶሎ መቅዳት ተሳነውና ድምፁ እንደ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር። በ512 ታረቅን፤ 12 ሺኛ ሰከንድ ያህል። ይህ ድምፅ በአየር ውስጥ አራት ሜትር የሚሄድበት ጊዜ ነው፤ ከአባቴ መደብ እስከ በራችን። ይህን ያህል መዘግየት ጆሮ ይቅር ይላል።

*

መሣሪያው ተስማማ ብዬ የወንድሜን ዘፈኖች ስከፍት ደግሞ ሌላ ጉድ ተገለጠ። ሚክስ የእያንዳንዱን ዘፈን ምት በደቂቃ ስንት እንደሆነ ራሱ ቆጥሮ ይነግራል። ለብዙዎቹ የሰርግ ዘፈኖቻችን 180 አለ። ዘፈኑን ከፍቼ በእግሬ ስመታ ግን 120 ነው። በእርሱ ቆጠራ ሁለት ዘፈኖችን ሳገናኝ ጭፈራው ይሰናከላል።

ማሽኑን አልፈርድበትም። የእኛ ጭፈራ በስድስት ትንንሽ ምቶች የሚዞር ነው፤ ስድስትን ደግሞ ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ቦታ መክፈልም ይቻላል። ማሽኑ ሦስት ይላል፤ እግርና ትከሻ ግን ሁለት ይላሉ። ሚክስ ለዚህም ቁጥሩን በሁለት ሦስተኛ የሚያባዛ ቁልፍ አለው፤ 180ው 120 ይሆናል። ለአዳዲሶቹ ዘፈኖች ይህ በቃ። ከካሴት የተቀዱት የማሲንቆ ዘፈኖች ግን በምንም ቁጥር አይታሰሩም። አዝማሪው በሰዓት አልተጫወተም፤ ሕዝቡ ሲግል ፈጥኗል፣ ግጥም ሲቀበል ዘግይቷል። ለእነዚህ የሚያዋጣው ጆሮና መዘውር ብቻ ነው፤ ላስቲኩ በተበላው ቦታ ጣትን አሳርፎ፣ ዘፈኑን እንደ ሕፃን እያባበሉ መያዝ። ወንድሜ ዕቃውን ለምን አትሽጠው እንዳለኝ ያን ጊዜ የገባኝ ይመስለኛል።

እየጫጫሩ ያስቸገሩኝን እጀታዎች አቧራቸውን አራግፌ በንጹሕ አልኮል ጠረግኋቸው። ሙከራ ላይ ሳለሁ ዕቃው በየመካከሉ ጭልጥ ብሎ ይጠፋ ነበር፤ ለካስ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የዩኤስቢውን መሰኪያ ያስተኛው ኖሯል። እንዳያስተኛ አደረግሁት።

*

የሰርጉ ዕለት ሞንታርቦው ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቆመ፤ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል። የወንድሜ ፍላሽ በአቃፊዎች የተከፈለ ነበር፦ «ሙሽራ ስትገባ»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ሽማግሌዎች ሲነሡ»፣ «ሌሊት»። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሙሽራው ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ፣ የእኅታችንን ሰርግ ሰዓት በሰዓት አሰናድቶት ሄዷል። እኔ የተሰጠኝን አነበብኩ እንጂ ምንም አልጨመርኩም። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሕዝቡ አንዱን ብቻ አወቀብኝ። እናቴ አንድ ጊዜ መጥታ ዕቃውን በመዳፏ ዳሰሰችና ምንም ሳትናገር ተመለሰች።

«ሌሊት» የሚለው አቃፊ ሲጀምር ደወለ። ስልኩን ድምፁን አውጥቼ ከመዘውሮቹ መካከል አስቀመጥኩት። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እርሱም በጅዳ ያጨበጭብ ጀመር፤ የእርሱ ጭብጨባ ግን በእኛ ሁለት ጭብጨባዎች መካከል ይወድቃል። ባለ መስመሩ ይወቀስበት ዘንድ አይደለም የምነግራችሁ። ከደብረ ኤልያስ እስከ ጅዳ 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምፅ በእግሩ ቢሄድ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ስልኩ ያን ሁሉ ወደ ሰከንድ አሳጥሮታል። ቢሆንም ሰከንድ ረጅም ነው። እኔ ለ12 ሺኛ ሰከንድ ሁለት ወር የታገልኩ ሰው፣ ይህችን አንዲት ሰከንድ የማሳጥርበት ምንም ቁልፍ አልነበረኝም።

ከማሲንቆው ዘፈን ወደ ቀጣዩ ሳሸጋግር በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያ ሣቀ።

«ጋሼ» አለ፣ «ዘገየህ እኮ።»

የዘገየሁት በመዘውሩ ላይ ይሁን፣ ስልኩ ያዘገየኝ ይሁን፣ ወይስ ነጠላውን ለመፍታት የፈጀሁትን አምስት ዓመት ማለቱ ይሁን፣ አልጠየቅሁትም። ጣቴን ከተበላው ላስቲክ ላይ ሳላነሣ ቀጣዩን ዘፈን አስገባሁለት።